የሳጥኑ ልክ

ታናሽየው ተምሮ ከውጭ ሲመለስ አባቱ ከሞቱ ሁለት ወር ሆኗቸው ነበር።

«ብትደውልልኝ እኮ ያን ዕለት እነሳ ነበር» አለ።

«መች ጊዜ ሰጡን?» አለ ታላቅየው። «ቁጭ ባሉበት ነው ያለፉት።»

አመነው።

የአባታቸውን ስፒከር ሳጥን ምስጥ በልቶት ስለነበር ታናሽየው አዲስ ሳጥን ሠራለት። ሳጥኑ ሰፋበትና ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ መሰለ። እንደገና አሰላው፤ ውስጡ ስድስት ሊትር ያህል ባዶ ቦታ ይተርፋል። የስፒከሩን ሽቦ ነቅሎ ትከሻው ላይ ጣለና ትርፉን ቦታ በሦስት ጡብ ሊሞላ የኋላ ክዳኑን ከፈተ።

«ያን ሁሉ ዓመት የተማርከው ጡብ መደርደር ነው?» ሲል ሳቀበት ታላቅየው።

አንደኛው ጡብ ሲገባ ስፒከሩ ተንኮሻኮሸ። ሁለተኛው ሲገባ ከውስጡ የሰው ሳል ተሰማ። ታናሽየው ትከሻውን ዳበሰ፤ ሽቦው እዚያው ነው።

«በቃ፣ ይበቃዋል! ተወው አልኩህ!» ታላቅየው ሳቁ ጠፍቷል።

ሦስተኛውን አስገባ።

«ትንሹ ልጄስ? ደወልክለት?» አለ የአባታቸው ድምፅ፣ ጥርት ብሎ።

ታላቅየው ከንፈሩን ገጥሞ አጠገቡ ቆሟል። የራሱ የታላቅየው ድምፅ ግን ከሳጥኑ ውስጥ መለሰ፤

«ደወልኩለት እኮ አባባ። አልመጣም አለ።»