ያልደረቀው ወንበር

ሦስተኛው ወንበር ተበላሽቶ የተገኘው ማክሰኞ ጠዋት ነው።

ወንበር ጠጋኙ ጣቱን አጠፍ አድርጎ መቀመጫውን ኳ ኳ አደረገው። እንደ ከበሮ መጮህ ሲገባው ድምፁ ታፈነ። መሃሉ እንደ ሳህን ጎድጉዷል።

«አሁንስ በዛ!» ብሎ ቤቱን በጩኸት ሞላው።

ቢጮህ አይፈረድበትም። መቀመጫው የሚሠራበት፣ ከሸንበቆ ቅርፊት የተሰነጠቀው ልጥ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ ገና እርጥቡን ነው የሚጠለፈው። አመሻሽ ላይ ተጠልፎ ሲያልቅ ላላ ያለ ነው፤ እስኪነጋ እየደረቀ ራሱን በራሱ ይወጥራል። ሳይደርቅ ሰው ከተቀመጠበት ግን አለቀለት። እንደ ረገበ ይቀራል፤ ቆርጦ ከመጣል በቀር መላ የለውም። የስንት ቀን ልፋት! ባለ ስምንት ማዕዘን ቀዳዳዎቹ አንድም ሳይዛነፉ እንዲሰለፉ ጣቱ እስኪደማ ነው የሚለፋው።

ድመት ናት እንዳይባል፣ ድመት ይህን ያህል አትከብድም። ሌባ ነው እንዳይባል፣ የመንገዱ በር ማታ ማታ ይቆለፋል። ቤት ውስጥ ያሉት ሦስት ሰዎች ናቸው። እሱ ጓሮ ባለው ክፍል ነው የሚተኛው፤ ከተኛ ደግሞ ሬሳ ነው። ሚስቱ ከደረጃ ወድቃ አልጋ ላይ ከዋለች ሁለት ዓመቷ ነው። ሦስተኛዋ ታናሽ እኅቱ ናት። ለዚህ ሂሳብ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም።

እኅቱ ሥራዋን ትታ፣ የተከራየችውን ቤት ለቃ የመጣችው ሚስቱን ለማስታመም ነበር። አሁን ከዚህ ቤት ብትወጣ መግቢያ የላትም። ሁለቱ ሴቶች ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዓይንና ናጫ ናቸው።

ወደ መኝታ ቤቱ ሲገባ እኅቱ የሚስቱን እግር ጭኗ ላይ አስቀምጣ ቅባት ታሻለች።

«ይሄ ተረከዝ ቅባት ይጨርሳል እንጂ አይለሰልስም» ትላለች።

«አትቀቢኝ! ማን ለመነሽ?»

«ማነው የተቀመጠበት?» አለ ወንበር ጠጋኙ በሩ ላይ ቆሞ።

«ወይ ጣጣ! ደግሞ ተበላሸ?» አለች እኅቱ።

«ያ ክንድ ያለው ነው አይደል?» አለች ሚስቱ። «እንዴት ያለ የሚያምር ወንበር ነበር!»

ወንበር ጠጋኙ እኅቱ ላይ አፈጠጠ።

«ምን ታፈጥብኛለህ ጋሼ? ምን ጎድሎብኝ ነው እርጥብ ወንበር ላይ የምቀመጠው? መቀመጫዬን ላቀዘቅዝ ነው?»

«ቂም ነዋ!» አለች ሚስቱ። «ወንበሩ ላይ አይደለም የምትቀመጠው፣ እኔ ላይ ነው። ሥራው ሲበላሽ ትዳሬም አብሮ ይበላሻል ብላ ነው።»

«ስሚ» አለ ወንበር ጠጋኙ እኅቱን። «አንድ ወንበር ደግሞ እንዲህ ሆኖ ካገኘሁ ልብስሽን ጠቅልለሽ ትወጫለሽ። የእናቴ ልጅ ናት ብዬ አልምርሽም።»

«ወዴት ነው የምወጣው?»

«እኔ ምን አውቄ!»

እኅቱ የቅባቱን ክዳን ጠመዘዘችው። «አመድ አፋሽ ነኝ» አለች።

ዓርብ ጠዋት አራተኛው ወንበር ረገበ።

ጭቅጭቅ እንኳ አልነበረም። እኅቱ ልብሷን አንድ ሻንጣ ውስጥ ከተተች፤ የመንገዱን በር ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

«ጎረቤት አድሬ ነገ በሦስት ሰዓቱ አውቶቡስ እሄዳለሁ» አለች። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ጋሼ።»

«ተረትሽን ይዘሽ ውጪልኝ!»

ከሰዓት በኋላ የወንበሮቹ ባለቤት መጣች፤ እሷም በቁጣ። ተጠልፎ ሊያልቅ የደረሰውን አምስተኛውን ወንበር አየችና አፍንጫዋን ነፋች። «ይሄ ነጣብኝ። ይኼው ቀለም ይዣለሁ፣ ቡናማ አድርግልኝ። ነገ ካልደረሰ ሌላ ባለሙያ አላጣም።»

እየተነጫነጨ መጨረሻውን ልጥ አሰረ፣ ቀለሙን ቀባ፣ እጁን በጋዝ ታጠበ። ከዚያ ለሚስቱ ራቷን ሊያበላ ገባ። ማንኪያ አያያዙን አላወቀበትም፤ ሾርባው አንገቷ ላይ ፈሰሰ።

«ጨከንኩባት መሰለኝ» አለ። «ነገ በጠዋት ሄጄ ልመልሳት ይሆን?»

ሚስቱ አንገቷን በአንሶላው ጠረገች።

«እኅትህ ናት» አለች። «እንደ ፈቀደህ።»

ቅዳሜ ገና ሳይረፍድ ጫማውን አሠረ። ወደ ጎረቤት ከመውጣቱ በፊት ወንበሩን ኳ ኳ አደረገው።

ረግቧል። ቀለሙም ተበላሽቷል።

ደሙ ፈላ። የመንገዱን በር ነካካው፤ እንደ ተቆለፈ ነው። እየሮጠ ሚስቱ ዘንድ ገባ።

«በምን ገባች? ቁልፉን ተቀብያታለሁ እኮ!»

«አንድ ቁልፍ ወረወረችልህ» አለች ሚስቱ። «ስንት እንዳስቀረጸች በምን ታውቃለህ? አንተ የዋህ!»

ወንበር ጠጋኙ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ጫማውን ፈታ። ጎረቤትም አልሄደ፣ መናኸሪያም አልሄደ። ልክ ሦስት ሰዓት ላይ የአውቶቡሱ ጥሩምባ ከሩቅ ተሰማ።

«ሄደች» አለች ሚስቱ፤ በረጅሙ ተነፈሰች።

«ትሂድ። እንዲህ ያለች እኅት የለችኝም።»

አንሶላው መቀየር ነበረበት፤ ከእሱ ሌላ የሚቀይር ሰው የለም። እጅጌውን ሰበሰበና እኅቱ ስታደርግ እንዳየው አንድ እጁን ከትከሻዋ፣ አንዱን ከወገቧ ሥር አስገባ።

«ተወው፣ ዛሬ ይቅር» አለች።

«ግድ የለም፣ እችላለሁ» አለና ወደ ግድግዳው አዞራት።

በነጩ የሌሊት ቀሚሷ ላይ፣ ከወገቧ ዝቅ ብሎ፣ ባለ ስምንት ማዕዘን ቀዳዳዎቹ አንድም ሳይዛነፉ በቡናማ ቀለም ታትመው ነበር።