መብራት የበራበት ግቢ

ሙሽሮቹ በዚያች ጭር ባለች የግሪክ ደሴት ላይ የሚዝናኑበት ቤት ፍለጋ አመሻሹን ሲዞሩ ቆዩ። «በጫጉላችን ሳንጨፍርማ አንመለስም» ብሏል ባል። በመጨረሻ መብራት የበራበት ግቢ አገኙ፤ ረጃጅም ጠረጴዛዎች፣ ዙሪያቸውን ሰው ተቀምጧል። ገብተው ጥግ ያዙ።

ባል አጨበጨበ። ከራስ እስከ እግራቸው ጥቁር የለበሱ አሮጊት ብድግ አሉ።

«አስተናጋጇ እሳቸው ናቸው» አላት።

ሴትየዋ ወይንና ዓሣ አመጡላቸው። ዓሣው ቀዝቅዟል ብሎ በምልክት መለሰው፤ አሙቀው አመጡለት።

«ሰዉ ግን ምነው ዝም አለ?» አለች ሚስት።

«የሚያሟሙቀው ጠፍቶ ነዋ!» ደግሞ አጨበጨበ። ሴትየዋ ሲመጡ ጆሮውን እየጠቆመ በእስክስታ ትከሻውን ነቀነቀላቸው፤ ሙዚቃ ይክፈቱልን ማለቱ ነው። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየው። እሳቸው ግን እጁን ያዝ አድርገውት ወደ ቤት ገቡ።

«አየሽ፣ ሊከፍቱልን ነው።»

ሴትየዋ ትልቅ ሳህን ይዘው ወጡና ለእያንዳንዱ ሰው በማንኪያ ያድሉ ጀመር። የደረሰው ሁሉ ያማትባል። ባልም ተራው ሲደርስ ፈገግ ብሎ መዳፉን ዘረጋ።

ስኳር የተነሰነሰበት የስንዴ ንፍሮ ነበር።

ያን ጊዜ ገና ፊታቸውን አየ። ዓይናቸው በለቅሶ አብጧል። ሚስት ሻርፗን አንስታ ፀጉሯን ሸፈነች። ባል ንፍሮውን እንደጨበጠ ቆመና አጎንብሶ «እግዜር ያጥናዎት» አለ፣ በአማርኛ።

ሴትየዋ አልገባቸውም። ዓሣው ደግሞ የቀዘቀዘበት መስሏቸው፣ ሊያሞቁለት ሳህኑን አነሱ።