መስመር አርባ

ጓድ ሰብስቤ ወንበር ስቦ ከኋላዋ ሲቀመጥ የአሳየች ጣቶች ይደነዝዛሉ። የኮሌጁ የፓርቲ ተጠሪ ነው፤ ከኋላ የሚቀመጥ ተጠሪ ደግሞ ለማንም አይመችም።

ከናዝሬት ወጣ ብሎ ላለው የእርሻ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት አንድ ኮምፒዩተር በእርዳታ የመጣው በ1978 ኅዳር ላይ ነው። ቤዚክ የሚባለውን የኮምፒዩተር ቋንቋ እንድትማር የተመደበችው የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ አሳየች ነበረች፤ መምህሯ አንድ የፈረንጅ መመሪያ ብቻ። ሰብስቤ ግን ማንም ሳይመድበው አብሯት ይማር ጀመር። ደብተር ይዞ ይመጣል፤ የምትጽፈውን ሁሉ ይገለብጣል።

ሥራው መጀመሪያ ደስ ይል ነበር። የትኛውን መጽሐፍ ማን እንደያዘ ማሽኑ ራሱ ይነግራታል። የመጀመሪያው ዝርዝር ታትሞ ሲወጣ እንደ ልጅ አጨብጭባለች።

ከጥምቀት በኋላ ደብዳቤ መጣ። ስድስት መጻሕፍት ተከልክለዋል፤ ባለፉት ሦስት ዓመታት የተዋሷቸው ሰዎች ዝርዝር እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ለደኅንነት ይቅረብ ይላል።

አሳየች የመጻሕፍቱን ስም ደግማ አነበበች። ከስድስቱ አንዱን ለታናሽ ወንድሟ ለሐዲስ ያዋሰችው እሷ ናት። ሐዲስ ከዚሁ ኮሌጅ ተመርቆ እዚያው አቅራቢያ ደራ ላይ ያስተምራል። ታላቃቸውን ቀይ ሽብር በልቶታል፤ ለእናታቸው የቀራት ወንድ ልጅ እሱ ብቻ ነው።

ሰብስቤ ሥራውን አጣደፈው። «ማሽኑ ውስጥ የገባ የውሰት ካርድ ይቃጠል» አለ። «አንድ ነገር ሁለት ቦታ አይቀመጥም።» በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዘበኛው ጋሽ ጆቴ ካርዶቹን በርሜል ውስጥ ያነዳል፤ ሰብስቤ አመዱን በእንጨት እያማሰለ አጠገቡ ይቆማል። አሳየች በመስኮት ስታየው ይዘገንናታል።

አንድ ቀን የአንድ መምህር ካርድ አስገብታ ብትፈልገው ማሽኑ የለም አላት። መምህሩ መጽሐፉን የተዋሰው በጳጉሜ ነው። ፕሮግራሙን መስመር በመስመር ስታስስ መስመር አርባ ላይ አገኘችው፤ ወሩ ከአሥራ ሁለት ከበለጠ እለፈው ይላል። የፈረንጅ ዓመት አሥራ ሁለት ወር ነው፤ እሷም ከመመሪያው እንዳለ ገልብጣዋለች።

ማስተካከል ነበረባት። ሳትነካው ተወችው። በማግስቱ የሐዲስ ካርድ ሲደርስ የወሩ ቦታ ላይ አሥራ ሦስት ብላ ጻፈች።

«ጳጉሜ?» አለ ሰብስቤ ከኋላዋ።

ካርዱን ከእጇ ወስዶ አየው። ታኅሣሥ ይላል።

«በጳጉሜ የተዋሰውን ማሽኑ አያወጣውም ማለት ነው?»

«ስህተት ነው ጓድ፣ አሁን አስተካክለዋለሁ።»

«እንዳትነኪው።» ደብተሩ ላይ ጻፈ። «አንድም ስም ካላገኘስ ምን ያደርጋል?»

«ባዶ ወረቀት ያወጣል።»

«ባዶ ወረቀት ማን ያምናል?» አለና ካርዱን ኪሱ ከተተው።

አሳየች በቁሟ ሞተች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይሉ የለ።

በማግስቱ የክፍሉን ቁልፍ ተቀበላት። «ከእንግዲህ ማሽኑን የምነካው እኔ ብቻ ነኝ። የገባ ነገር እንዴት እንደሚታረም አሳዪኝና ውጪ።» አሳየችው። የወንድሟን ማነቂያ ገመድ በገዛ እጇ ገምዳ የሰጠችው መሰላት። ሰብስቤ በር ዘግቶ ሁለት ሳምንት ሙሉ የማሽኑን ቁልፎች ሲቀጠቅጥ ከረመ።

እሑድ ደራ ሄዳ ሐዲስን እንዲሸሽ ለመነችው።

«በየኬላው የይለፍ ወረቀት ይጠየቃል፤ የት እደርሳለሁ?» አላት። «አንቺ ብቻ እማማን አደራ።»

ዝርዝሩ በሚቀርብበት ቀን የናዝሬት ሙቀት ድንጋይ ያቀልጣል። ሰብስቤ ወፍራም የሱፍ ካፖርት ለብሶ መጣ።

«አካም ቡልቴ፣ ጓድ! በዚህ ሙቀት ካፖርት?» አለው ጋሽ ጆቴ።

«ወደ አሰላ ልወጣ እችላለሁ፤ እዚያ ብርድ ነው።»

አራት ሰዓት ላይ ላንድሮቨር ግቢው ውስጥ ቆመች። አንድ መኮንንና ሁለት ሲቪል የለበሱ ሰዎች ገቡ።

«ካርዶቹስ?» አለ መኮንኑ።

«ተቃጥለዋል። ሁሉም ነገር ማሽኑ ውስጥ ነው፤ ማሽን ደግሞ አይዋሽም» አለ ሰብስቤ። ወደ አሳየች ዞረ። «አስጀምሪው።»

አስጀመረችው። ማተሚያው ጮኸ፤ ወዲያው ጸጥ አለ። መኮንኑ ወረቀቱን ቀደደ፤ ፊደሉ የላቲን ነውና ለአሳየች አቀበላት።

«አንብቢ።»

ዓይኗ የሐዲስን ስም እየፈለገ ከላይ እስከ ታች ወረደ። እንደገና ወደ ላይ ወጣ። ከዚያ ቀና ብላ ካፖርቱን የሚቆልፈውን ሰው አየችው።

«አንብቢ እንጂ!» አለ መኮንኑ።

«ስድስት መጻሕፍት፣ አንድ ተዋሽ» አለች። «ሰብስቤ ነጋሳ።»