ሠላሳ አንድ

ታላቂቱ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ወለል ላይ ተንበርክካ የታናሽ እህቷን ቁርጭምጭሚት ግጥም አድርጋ ይዛ ነበር። ለጦር አካዳሚው መግቢያ የሚዘጋጁት ተማሪዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ አንዱ እግር ሲይዝ ሌላው ጀርባውን መሬት እያስነካ ይነሳል። ታላቂቱ ተራዋን ጨርሳለች፤ ሠላሳ ላይ ሆዷ አልታዘዝ ብሏት ቀርታለች። ታናሿ ደብል መትታ ክፍል የደረሰችባት አንሶ፣ አሁን ደግሞ እንደ ሞላ ትፈናጠር ጀመር።

«እናንተ ቤት ምግብ የሚቀርበው ለዚች ብቻ ነው እንዴ?» ብሎ የስፖርት መምህሩ ሲቀልድ ተማሪው ሁሉ ሳቀ። ታላቂቱ ቀናች። ጣቶቿን ጥቂት ብታላላ እግሩ ይንሸራተታል፤ ማንም ልብ አይልም። ሳይታወቃት አላላች። እግሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ታናሿ ሃያ ዘጠኝ ላይ ስትደርስ ወለሉ ላይ ተዘረረችና፣ «በቃኝ እትዬ፣ ደከመኝ» አለች።

ታላቂቱ ቁልቁል አየቻት። የታናሿ ትንፋሽ እንኳ ቁርጥ አላለም። ዓይኗን ግን ወደ ጣሪያው አሸሽታለች። ያኔ ገባት፤ ታናሿ ልትቀድማት አልፈለገችም። መበለጡ ካቃጠላት ይልቅ የታዘነላት መሆኑ አንገበገባት።

«ማን እዘኚልኝ አለሽ? ተነሺ!» ብላ እግሯን መልሳ ጨመደደችው።

ታናሿ እንባ ባቀረረ ዓይን አንዴ ተነሳች፤ ደገመች።

«ሠላሳ አንድ!» አለች ታላቂቱ፣ ከሚቆጥረው መምህር ቀድማ፣ አዳራሹ እስኪያስተጋባ።