በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መካከል

ኤሌክትሪሺያኑ በቆመው ሊፍት ወለል ላይ ተቀምጦ ስልኩ ላይ አፈጠጠ። ለጥበቃው ደውሎ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውም ጉዳይ በግሩፑ ብቻ ነው ወንድሜ» ተብሎ ነበር። ስለዚህ በአዲሱ የመሥሪያ ቤት የቴሌግራም ግሩፕ፣ «ሊፍት ውስጥ ተቆልፌያለሁ፤ እባካችሁ አውጡኝ» ብሎ ጻፈ። ወዲያው ለሥራ አስኪያጁ፣ «ጋሼ፣ ግሩፕ ስለከፈቱልን ዕድሜ ይስጥልን» የሚል መልእክት ከአንድ ባልደረባ መጣ። ሌላው አበባ ደረደረ። ልመናው በሠላሳ ሰባት ምስጋና ሥር ተቀበረ።

ደግሞ ጻፈ። አሁን የክፍል ኃላፊው በግል መለሰለት፤ «አንተ ሰውዬ፣ ያላመሰገንክ አንተ ብቻ ቀረህ እኮ። ጋሼ ስም እየቆጠሩ ነው። መጀመሪያ አመስግን፣ የሊፍቱ ይደርሳል።»

ባትሪው አንድ በመቶ ቀርቶት ነበር። ኤሌክትሪሺያኑ በረጅሙ ተነፈሰና፣ «እናመሰግናለን ጋሼ» ብሎ ላከ። ሥራ አስኪያጁ ቀይ ልብ መለሱለት፤ ስልኩም ጠፋ።