ሳታነብ ኢንተር!

“ስጦታ! ተራህ ነው፣ ጫን!”

“ዛሬም ስጦታ?! ትናንትም እሱ አልነበር እንዴ?” አልኩት።

“ሲስተሙ ያለውን ነው የጠራሁት። ሲስተም አይሳሳትም።”

ብሎ መስኮቱን ድርግም!...

ይሄ ደምለው የሚባለው የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። እዚህ ደባርቅ የቱሪስት ጓዝ በበቅሎ የምንጭን ሰዎች ተራ እንዲያወጣልን የቀጠርነው። ባጁ አንገቱ ላይ፣ አፍንጫው ሰማይ ላይ!

የቻናሉ አድሚን፣ ይሄን የላክሁልህን ቮይስ እንዳታለሳልሰው... እንዳለ ጻፈው!

እኔስ ወጣት ነኝ፣ ሌላ ሥራ አላጣም። ያንገበገቡኝ አያ ገዱ ናቸው። ከጃናሞራ በቅሏቸውን እየሳቡ መጥተው ወር ሙሉ ጠበቁ... አልተጠሩም!

ደምለው ብቅ ሲል ደግሞ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከበቅሎዎቹ ኋላ ይሸሸጋሉ።

“ኧረ ይናገሩት!” ስላቸው፣

“ተወው ልጄ፣ ይደርሰኛል።”

ትናንት የሚያበሏት ቢያጡ በቅሏቸውን ሸጧት።

ዛሬ ጠዋት ባዶ ኮርቻ ታቅፈው ሳያቸው ደሜ ፈላ... በሩን በርግጄ ገባሁ!

“በል፣ ዓይኔ እያየ ተራ አውጣ!”

“ቀላል ነው” አለኝ እየሳቀ። ኪቦርዱ ላይ ወደ ላይ የምታሳየዋን ቀስት ጫን አደረጋት... ትናንት ያዘዘው ትዕዛዝ እንዳለ ተመልሶ መጣ። በየቀኑ እንዲህ ነው የሚሠራው። መጻፍ ደክሞት!

ትዕዛዙን የምታስፈጽመዋን ኢንተር ሊጫን ሲል እጁን ያዝኩት።

“አንብበው።”

“ምኑን?”

“የምታዘውን ነዋ፣ ኤክስፐርቱ!”

አነበበ... “ተራውን... ከመጀመሪያው ስም... ጀምር...”

እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሳ!

ገባችሁ? ሥራ በጀመረ ቀን የጻፋትን ነው በየጠዋቱ የሚደግማት! “ከቆመበት ቀጥል” ማለት ሲገባው... ከላይ ያሉት ብቻ ሲጭኑ ከረሙ!

“በል ያልደረሳቸውን ጥራ!”

ስሞቹን ይዞ ወረደ... ወረደ... መጨረሻው ላይ ፊቱ አመድ መሰለ።

“ይሄ ገዱ... የጃናሞራው ነው?”

“በቅሏቸውን የሸጡት ሽማግሌ ናቸዋ! ምነው?”

“...አባቴ ነው።”

ወይ አንተ! አባትህ መስኮትህ ሥር ወር ሙሉ ሲገተሩ አታውቅም?!

ወጥቼ “አያ፣ ለምን አልነገሩንም?” አልኳቸው።

“ለአባቱ አዳላ ብላችሁ እንዳታባርሩብኝ ነዋ።”

ደምለው መጥቶ እግራቸው ላይ ወደቀ። አሁን ነው መውደቅ?!

እሳቸው ቀና አድርገው ኮርቻውን አስታቀፉት።

“በጀርባዋ ለትምህርት ደባርቅ ያመጣችህ እሷ ነበረች” አሉት። በቃ።

ትምህርቱ... ትናንት ልክ የነበረ ትዕዛዝ ዛሬ ሰው ይበድላል። ከመድገምህ በፊት አንብብ!

እስቲ ሳትዋሹ ኮመንት ላይ... እናንተ ዛሬ ጠዋት ሳታስቡ የደገማችሁት ነገር የማንን ተራ በላ?