«አጥፋ» የሚለው ቁልፍ

አዲሷ ኃላፊ ስብሰባውን የከፈተችው ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ ነበር።

«ፕሮግራማችን የሚንቀራፈፈው ላዩ ላይ በደረብናቸው ተጨማሪ ክፍሎች ብዛት ነው» አለች። «እያንዳንዱ ተጨማሪ አጠገቡ ‹አጥፋ› የሚል ቁልፍ ይኑረው። ያልፈለገው ደንበኛ በአንድ ጠቅታ ይገላገል።»

ሁሉም ጋሼ የሚሉት አንጋፋ ፕሮግራመር ደሙ ፈላ። ፕሮግራሙ በአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮች መካከል ምን እንደሚመላለስ የሚያሳይ ነው። ከተጨማሪዎቹ አንዱ «ዘበኛው» የሱ ነው፤ ባዕድ ሰው ወደ ኔትወርኩ ሹልክ ሲል ይጮኻል። አራት ዓመት ዓይኑን ያጠፋበት ሥራ ነው።

«የኔንም?»

«የርስዎም ተጨማሪ ነው፣ ጋሼ።»

«ዘበኛውን አባሮ የሚተኛ ቤት የት አየሽ?»

«የታዘዘውን ይሥሩ።»

ይቺ ትናንት የመጣች ልጅ ከመጀመሪያውም ዓይኗ አላማረውም።

ከሰዓት በኋላ በቢሮዋ በር ሲያልፍ ስልክ ላይ ነበረች።

«የሽማግሌውን ዘበኛ? እሱንማ ነገ ሊገዙ በሚመጡት ሰዎች ፊት በገዛ እጄ ነው የማጠፋው!» አለችና ሳቀች።

ሽማግሌ! ወደ ወንበሩ ተመለሰ። «አጥፋ» አይደል ያለችው? አማርኛ ነው፤ መብራትም ይጠፋል፣ ፋይልም ይጠፋል። የሱ ቁልፍ ገና ሲነካ ዘበኛውን ከነመጠባበቂያ ቅጂው እንዲደመስስ አድርጎ ሠራው። ለራሱ እንኳ አላስቀረም፤ ኋላ መልስልን እያሉ ደጅ እንዳይጠኑት። ይጥፋ! ግን በሷ እጅ ይጥፋ፣ ሰው እያየ። እንጀራዋንም ይዞባት ይሂድ።

በማግስቱ ጠዋት ሦስት ገዢዎች ስክሪኑ ፊት ተቀመጡ። እሱ ከኋላ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ኃላፊዋ ተጨማሪዎቹን አንድ በአንድ አጠፋች፤ ፕሮግራሙ ፈጠነ። በመጨረሻ ቀና ብላ አየችውና የሱንም ተጫነች።

ቀጥላ ለሙከራ የተዘጋጀ ሰርጎ ገብ ላከች። ያለ ከልካይ ገባ፤ ፕሮግራሙ ጭጭ አለ። ገዢዎቹ ተያዩ። የአንጋፋው አንጀት ቅቤ ጠጣ።

«ሌላው ሁሉ ይቅርብን፣ ዘበኛውን ብቻ እንገዛለን ብላችሁ ቀድማችሁ የነገራችሁኝ ወዳችሁ አይደለም» አለች ኃላፊዋ፣ እጇን ወደሱ ዘርግታ። «የሠሩት እኚህ ጋሼ ናቸው፤ አሁን መልሼ ላብራው።»